በሩ አጠገብ የነበረው መደርደሪያ

ሴትዮዋን የጠላኋት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። በፊቷ ሁልጊዜ «እርስዎ» እላት ነበር፤ በሆዴ ግን አንድም ቀን «ሴትዮዋ» ከማለት አልፌ አላውቅም። አሁን ወረቀት ላይ ስሆን የማስመስልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተቀጠርኩት ካታሎጉን ከካርድ ወደ ኮምፒውተር እንዳዛውር ነበር። ካታሎግ የቤቱ መጻሕፍት ሁሉ ዝርዝር ነው፤ አንባቢ የሚፈልገው መጽሐፍ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ የሚያውቀው በእሱ ነው። የመጽሐፍ ዝግጅት ክፍል በምትባል ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተገትሯል። አንዱ የሴትዮዋ ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምራ እዚያው ወንበር ላይ እንደነበረች ጥበቃዎቹ ነገሩኝ።

የምደባ ደብዳቤዬን ሰጠኋት። ሳታነበው ወደ ጎን አደረገችና ከመሳቢያ አንድ ካርድ መዝዛ ፊቴ አስቀመጠች።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። የደራሲው ስም፣ ርዕሱ፣ የታተመበት ቦታ፣ የገጹ ብዛት።

«ከላይ በግራ በኩል ያለውስ?»

«ቁጥሩ ነው።»

«ቁጥር መሆኑንማ አያለሁ። ምን ይላል ነው ያልኩሽ።»

ቁጥሩ የመጽሐፉን መደብ፣ ማለትም መጽሐፉ ስለ ምን እንደተጻፈ እንደሚናገር አውቃለሁ። ከነጥቡ በኋላ ያለውን ግን በቃሌ አላውቀውም። እኛ ስንማር ሁሉን ነገር ስክሪን ላይ እየፈለግን ነበር። ካርዱን መልሼ ገፋሁላት።

«ዲግሪ አላት ብለውኝ ነበር» አለች፤ የምታወራው ከመስኮቱ ጋር ይመስል ነበር።

እኔ የገሱባ ልጅ ነኝ። አፌን የፈታሁት በወላይትኛ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ስናደድ አሁንም ወንዱንና ሴቱን አደባልቃለሁ። እሷ አባቷ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሶዶ ተወልዳ ሶዶ ያረጀች ናት። ወላይትኛ ስትናገር አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር በቋንቋችን ስናወራ ካርዷ ላይ አቀርቅራ፣ «ቢሮ ውስጥ ነን» ትላለች። ያቺ ቃሏ ውስጤ ገብታ ተቀመጠች።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን በሩ አጠገብ የነበረው መደርደሪያ ነው። ወደ ንባብ አዳራሹ ሲገባ በስተቀኝ፣ የጥበቃው ወንበር ጎን፣ በወላይትኛ የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ላይ ታጭቆ ነበር። ተረት አለ፤ የወባ መከላከያ አለ፤ የጋብቻ ሥርዓት፣ የንብ እርባታ፣ የሰዋስው መማሪያ፣ የአንድ ቀበሌ ታሪክ ሳይቀር አለ። የሁሉም ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አንድ ነው፤ አራት መቶ ዘጠና ሦስት ነጥብ አምስት። ይሄ ቁጥር የቋንቋ ጥናት ቁጥር ነው። የሰዋስው መጽሐፍ እዚያ ቢገባ ደንብ ነው። ንብ ግን እዚያ ምን ትሠራለች? በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉት የንብ መጻሕፍት አዳራሹ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እርሻ መደርደሪያ ላይ፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሌላው ቋንቋ ስለ ንብ ሲናገር ስለ ንብ ነው፤ የእኛ ቋንቋ ስለ ንብ ሲናገር ስለ ቋንቋ ነው ማለት ነው? በየጠዋቱ በዚያ በር ስገባ ደሜ ይፈላ ነበር።

በተቀጠርኩ በስድስተኛው ወር ገደማ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከኦፋ ወረዳ መጡ። የእኔም አገር መንገድ ስለሆነ ልብሳቸው ላይ ያለው አቧራ ከየት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በራሳቸው አሳትመው ያመጡት በወላይትኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነበር፤ ስለ እንሰት። የዝርያዎቹን ስም፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን፣ አጠውልግ በሽታ ሲገባ አባቶች ምን ያደርጉ እንደነበር ከየሽማግሌው እየጠየቁ ዓመታት ጽፈውታል። ቅጂዎቹን በጋዜጣ ጠቅልለው ነበር ያመጧቸው።

«የት ነው የምታስቀምጡት፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ከእርሻ መጻሕፍት ጋር፣ ጋሼ። ከምሁራኑ ጎን ነው የሚቆመው።»

ሰውዬው ፊታቸው በራ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ።

በሳምንቱ መጽሐፉ ተዘጋጅቶ ሲወጣ አየሁት። ጀርባው ላይ ያው አራት መቶ ዘጠና ሦስት ነጥብ አምስት ተለጥፏል። ይዤው ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ ጣልኩት። አስቀመጥኩት ማለት እችል ነበር፤ የጣልኩት ግን ጥዬ ነው።

«ይሄ ስለ እንሰት ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ቋንቋ ውስጥ ገባ?»

«በወላይትኛ ስለሆነ።»

«በአማርኛ የተጻፈ የእንሰት መጽሐፍ ቢመጣ የት ያስገቡታል?»

«እርሻ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ጊዜ ስትወስድ ሆን ብላ ነው። «ልዩነቱ አንባቢው ነው» አለች። «እርሻ መደርደሪያ ጋ የሚሄደው የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ የሚፈልገው እንግሊዝኛ ነው። ይሄን የሚያነበው ሰው እዚያ ድረስ አይዘልቅም። በሩ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

«በሩ ላይ የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት!»

ድምፄ አዳራሹ ድረስ ተሰማ። ተማሪዎቹ ቀና ቀና አሉ።

«እኔን እንዲህ አታናግሪኝ» አለች።

«እርስዎም መጽሐፉን እንዲህ አያድርጉት።»

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሄድን። ሰውዬው ስለ መደብ ቁጥር ብዙም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያዩን ብቻ ራሳቸውን ያማቸዋል። «ተስማሙ፣ እባካችሁ» አሉ። ስምምነት በሌለበት የሚጸናው የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ እሷ ናት። የመምህሩ መጽሐፍ በሩ ላይ ቀረ። ከወራት በኋላ መምህሩ ተመልሰው ሲመጡ በመስኮት አየኋቸውና ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው? ለዚያ ድብቅ ማለቴም የጠላሁት እሷን ነው።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቆመ። ሁለት ዓመት ያህል ጉልበታችን ሊነካካ በሚችልበት ርቀት ፊት ለፊት ተቀምጠን «እንደምን አደሩ» አልተባባልንም። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያስገባሁትን በየሳምንቱ አትሜ እንድሰጣት ታዟል፤ በቀይ እስክሪብቶ አሳድዳው ትመልስልኛለች። «ደራሲዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱን ገድለሽዋል።» «ይህ ርዕስ አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ ያለ ጌጥ ነው።» «ገጹን ማን በላው?» ብዙውን ጊዜ ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ ያቃጥለኝ ነበር። እኔም አልተኛሁላትም። ብርድ እንደማይስማማት ስለማውቅ ከዳሞታ ተራራ በኩል ንፋስ በመጣ ቁጥር መስኮቱን እከፍተዋለሁ። ተነስታ ትዘጋለች። እከፍታለሁ። አንድ ቃል ሳንተነፍስ ከሰዓት በኋላው ያልቃል።

ከዚያ ዓይኗን ታመመች። ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደች፤ ረጅም ፈቃድ ወሰደች። የሄደች ዕለት ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ ሳቅሁ፤ ይሄንንም አልደብቅም።

ኃላፊው ዘንድ ገብቼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም መጽሐፍ ስለገባ የካርድ ካቢኔው አያስፈልግም፣ ቦታ ይይዛል አልኳቸው። በሩ አጠገብ ያሉትንም መጻሕፍት በየጉዳያቸው ላከፋፍላቸው አልኳቸው። እሷ በሌለችበት እምቢ የሚሉበት አቅም አልነበራቸውም። ፈረሙልኝ። ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኛዋ አገዙኝ፤ ያን ከባድ የእንጨት ካቢኔ ከነመሳቢያዎቹ ጓሮ ወዳለው ግምጃ ቤት አስገባነው። ከዚያ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የመጻሕፍቱን የጀርባ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ ላጥኩ። ንቡን ወደ ንብ፣ ወባውን ወደ ጤና፣ ጋብቻውን ወደ ባህል፣ የመምህሩን እንሰት ወደ እርሻ። በሳምንቱ መጨረሻ መደርደሪያው ባዶውን ቆመ። ከአዳራሹ አስወጣሁትና ቦታው ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አቆምኩበት። በሕይወቴ እንደዚያን ሳምንት የረካሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሴትዮዋ የተመለሰችው ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው። በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ ወደ ክፍላችን ገብታ ካቢኔው የነበረበትን ግድግዳ በእጇ ዳሰሰችው። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ ነጭ ነበር።

ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ አፍ አውጥታ አናገረችኝ። «የት ወሰድሽው?»

«ግምጃ ቤት።»

«የርዕሰ ጉዳይ ካርዶቹን አስገብተሻቸዋል?»

በካርድ ካታሎግ ለአንድ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ ይሠራለታል፤ አንዱ በደራሲው ስም፣ አንዱ በርዕሱ፣ አንዱ ደግሞ በሚናገርበት ጉዳይ ይደረደራል። እኔ የደራሲውንና የርዕሱን ብቻ ነበር ያስገባሁት። ኮምፒውተሩ ላይ ለርዕሰ ጉዳይ የተተወው ቦታ ባዶ ነው፤ የመደብ ቁጥሩ ከተጻፈ ይበቃል ብዬ ዘልዬዋለሁ። በየሳምንቱ የማትምላት ወረቀት ላይ ያ ቦታ አይወጣም። መሳቢያዎቹን ከፍቼ ያየሁበት ቀን የለም።

«ሁሉም ገብቷል» አልኳት።

በጥቁሩ መነጽር ውስጥ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ራሷን ነቀነቀችና ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ኃላፊው ጋም አልሄደችም። አሸነፍኳት አልኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጡረታ ወጣች። የስንብቱ ዕለት ለስላሳና ኬክ ተገዝቶ ሰዎች ተነስተው ስለ እሷ ሲናገሩ ከኋላ ቆሜ ስልኬን እነካካ ነበር። አላጨበጨብኩም።

ክፍሉ የእኔ ሆነ። መስኮቱንም ማንም አይዘጋብኝም።

መጀመሪያ የመጡብኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ከበዴሳ እህል ይዘው የሚመጡ ነጋዴ ናቸው፤ በገበያ ቀን ሸጠው ሲጨርሱ የሚኒባሱ ተራ እስኪደርስ በሩ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸው የገባውን ያነባሉ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን አይተው ግራ ገባቸው።

«መጽሐፎቻችንን የት አደረጋችኋቸው?» አሉኝ በወላይትኛ።

በኩራት አስረዳኋቸው። አሁን በየጉዳያቸው ተቀምጠዋል፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነዋል። የሚፈልጉትን ይንገሩኝና ቁጥሩን ልስጥዎት።

«እኔ የምፈልገው የለኝም» አሉ። «እዚህ ቁጭ ብዬ ያለውን ነው የማነበው።»

ወደ ውስጥ ይዣቸው ገባሁ። በተማሪዎቹ መካከል፣ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት መደዳ ውስጥ አንድ ቀጭን የወላይትኛ መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆመው አገላበጡት። ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። መጽሐፉን መልሰው አቀበሉኝና አመስግነው ወጡ። ሁለተኛ አልመጡም። ሌሎችም ነበሩ፤ እነሱም አልመጡም። ሰው ለለውጥ ጊዜ ይፈልጋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በዓመቱ ደግሞ ከሁምቦ አንዲት የግብርና ባለሙያ መጣች። ተበላ በምትባለው ከተማ ነው የምትሠራው። እኛ ቦይና የምንለውን፣ አማርኛው ጎደሬ የሚለውን ሥር፣ ሳይበሰብስ እንዴት ማቆየት እንደሚቻል ለገበሬዎች በቋንቋቸው ልታነብላቸው ትፈልጋለች።

«አንድ ጽሑፍ ነበር» አለችኝ። «ያን ጊዜ ኮፒ አድርጌው ጠፋብኝ። እዚህ የነበሩት ሴትዮ ናቸው በካርድ ፈልገው ያወጡልኝ።»

ኮምፒውተሩ ላይ «ቦይና» ብዬ ጻፍኩ። የለም። «ጎደሬ» አልኩ። የለም። ወላይትኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ጻፍኩት። ባዶ።

«የመጽሐፉን ርዕስ ታስታውሺዋለሽ?»

«ስለ ጎደሬ እኮ አይደለም መጽሐፉ። የሆነ የሠርግና የለቅሶ ሥርዓት መጽሐፍ ነው መሰለኝ፤ ውስጡ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ሴትዮዋ እዚያው ቁጭ ብለው እያነበቡልኝ፣ ገበሬው እንዲገባው ይሄን ቃል በዚህ ለውጪው እያሉ አስረዱኝ። ወላይትኛቸው የድሮ ነው፤ እንደ እናቴ ነው የሚናገሩት።»

«ማን?»

«ሴትዮዋ» አለች፤ ጥያቄው ገርሟት።

ሌላ ቀን እንድትመለስ ነገርኳትና ቁልፉን ይዤ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ጣሪያው ከካቢኔው በላይ ተበስቶ ውሃው ሲወርድበት ከርሟል። የታችኞቹ መሳቢያዎች እንጨታቸው አብጦ አልከፈት አሉኝ። ከላይ ያሉትን በጉልበት ሳብኳቸው። ካርዶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ ከፊሎቹን አይጥ በልቷቸዋል። ደረቅ የሆኑትን እየለየሁ በር ላይ ወጥቼ አነበብኩ።

በሩ አጠገብ የነበረው እያንዳንዱ መጽሐፍ ለርዕሰ ጉዳይ ብቻ አምስት ስድስት ካርድ ተሠርቶለታል፤ ከዚያም የበለጠ ያለው አለ። በዚያች ደቃቅ የእጅ ጽሑፏ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ አንድ ጊዜ በወላይትኛ። የመምህሩ መጽሐፍ በ«እንሰት»ም፣ በወላይትኛ ስሙ በ«ኡታ»ም፣ በ«አጠውልግ»ም፣ በ«የቁስል መድኃኒት»ም፣ በየዝርያው ስምም ካርድ አለው፤ ምዕራፉና ገጹ ተጠቅሶ። የሠርጉ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የምግብ ምዕራፍ፣ የቀበሌው ታሪክ ውስጥ ያለውን የወረርሽኝ ወሬ፣ ሁሉንም አንብባ ነቅሳ አውጥታለች። ለካ መደርደሪያው ላይ አንድ ቦታ የሰበሰበቻቸው ቋንቋውን ይዞ ለሚመጣው ነው፤ ጉዳዩን ይዞ ለሚመጣው ደግሞ በካርድ በየቦታው በትናቸዋለች። እኔ ያንን ሁሉ ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ሰጠሁት።

አፈርኩ ብል ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ቁጣ ነው። ስትመለስ ካቢኔው ግምጃ ቤት መግባቱን አውቃለች። ጣሪያው እንደሚያፈስም ታውቃለች። ታዲያ ለምን ዝም አለች?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷን ጠይቄ ሄድኩ። የአባቷ ቤት ነው፤ ሰፊ በረንዳ ያለው አሮጌ ቆርቆሮ ቤት። የግቢውን በር ራሷ ከፈተች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወደ ድምፄ ስትዞር ነው ዓይኗ እንደማያይ የገባኝ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ።»

«ድምፅሽንማ አውቄዋለሁ። ምን ጠፋብሽ?»

«የርዕሰ ጉዳይ ካርዶቹ ረጥበዋል።»

«እንዴት አይረጥቡም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ነው የምነግርሽ?»

«ካርዶቹ ላይ ያለውን! ምዕራፍ በምዕራፍ እንደለዩት! ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን!»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ አንድ መሳቢያ አልሳብሽም።»

«ሲመለሱ አንድ ቃል ቢናገሩኝ በዚያው ቀን አወጣው ነበር።»

«ጠየቅሁሽ። ሁሉም ገብቷል አልሽኝ። ስትዋሺ አውቄያለሁ» አለች፤ በሩን በእጇ እንደያዘች። «ይበስብስና ትየው ብዬ ተውኩሽ።»

«የእርስዎ ልፋት እኮ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው። አንቺ ጣልሽው፤ እኔ ዝም ብዬ አየሁሽ።»

ያንገበገበኝ ሌላው ነገር ወጣ። «ወላይትኛ እንደሚችሉ እንኳን አላውቅም ነበር።»

«እዚህ ነው የተወለድኩት። ከጎረቤት ልጅ ጋር በምን የምጫወት መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ቢሮ ውስጥ አንድ ቀን እንኳን…»

«ከአንቺ ጋር የማወራው ነገር አልነበረኝም።»

ዞሬ ልሄድ ስል ከኋላዬ ተናገረች። «የተረፉትን ካርዶችና መጽሐፎቹን ይዘሽ ነይ። ማስታወሻ አትርሺ። ሁለት ጊዜ አልደግምልሽም።»

በየቅዳሜው ሄድኩ። መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ በሞተር ሳይክል አመላልሳቸዋለሁ። እሷ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ደረጃው ላይ። ውሃ እንኳን አቅርባልኝ አታውቅም። የምዕራፉን ርዕስ አነብላታለሁ፤ ከጠፉት ካርዶች አንድ በአንድ በቃሏ ትጠራለች። «ይሄ በ‹ድርቅ› አለ፤ በ‹መሬት ክርክር›ም አለ። ገጹን ከመሐል ፈልጊው፣ ዛፍ የተሳለበት ገጽ ቀጥሎ ነው።» እፈልጋለሁ። ይገኛል። አንዳንዴ የማታስታውሰው ሲያጋጥም ምዕራፉን ሙሉውን አስነብባኝ አዲስ ርዕስ ትሰጠዋለች። አንድ ቀን የማላውቀው የወላይትኛ ቃል መጣና ቆምኩ። ትርጉሙን ነገረችኝ፤ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ይዛው የምትሄደው ቅል ነው አለች። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ስድብ ነበር።

በጎደሬው ደግሞ ተጣላን። በካታሎግ አንድ ነገር ሁለት ስም ሲኖረው አንዱ ዋና ይሆናል፤ ሌላው ስር «ይህን ይመልከቱ» ተብሎ ይጻፋል።

«ጎደሬ ዋናው ይሁን» አለች። «ቦይና ብሎ የመጣ ወደዚያ ይመራል።»

«መጽሐፉ በወላይትኛ ነው። ዋናው ቦይና ነው።»

«ካታሎጉ የሁሉም ነው።»

«የሁሉም ከሆነ ለምን ሁልጊዜ የኛው ነው ወደ ሌላ የሚመራው?»

«እኔ የምልሽን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ቤቴ ስደርስ ሰረዝኩና ቦይናን ዋና አደረግሁት።

የጠፋውን ሁሉ አላገኘነውም፤ ብዙውን ግን አገኘነው። ለግብርና ባለሙያዋ ምዕራፉን ኮፒ አድርጌ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ወደ ተበላ ላክሁላት። መጻሕፍቱን ወደ በሩ አልመለስኳቸውም። ስለ ቁጥሩ እኔ ልክ ነኝ ብዬ አሁንም አምናለሁ። የበዴሳው አዛውንት ግን ሲመጡ አላየሁም፤ አንዳንድ የገበያ ቀን ወደ በሩ እመለከታለሁ።

የመጨረሻው መጽሐፍ ያለቀ ዕለት ሴትዮዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

«በይ ከእንግዲህ አትምጪ።»

«አልመጣም» አልኳት።

ተነስታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ውስጥ ገባች። አላመሰገንኳትም፤ እሷም የጠበቀች አይመስለኝም።

ሰኞ ዕለት ቢሮ ገብቼ ያስጻፈችኝን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ጀመርኩ። ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ «ያዘጋጀው ሰው» ብሎ ይጠይቃል፤ ያ ካልተሞላ አይመዘግብም። የመጀመሪያው ላይ ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ የራሴን ስም ጻፍኩ። በሁሉም ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም።